ባድሚንተን ስለሚባለው ጨዋታ ታሪክና በዓለም ላይ ስለ ተስፋፋበት ምክንያት

የልጆች ጨዋታ ታሪክ አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የነገሥታትን ዘመን፥ የጦርነትን ቀን፥ የአገርን ወሰን እንጽፋለን፤ ልጆች በየሜዳው የሚጫወቱትን ግን እንደ ነፋስ መጥቶ እንደሚሄድ ነገር ቈጥረን እናልፈዋለን። ነገር ግን አንድ ጨዋታ ከአንድ አገር ተነሥቶ ወደ ሌላው አገር እንዴት እንደ ሄደ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው በዚያው መንገድ ላይ መርከበኞችንና ወታደሮችን፥ ነጋድያንንና መምህራንን፥ ገዥዎችንና ተገዥዎችን ያገኛቸዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ባድሚንተን የሚባለው ጨዋታ ከየት እንደ መጣ፤ ደንቡ በማን እጅ እንደ ተጻፈ፤ ደንቡን ከጻፉትም ሰዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሌሎች ሕዝቦች እንዴት እንደ ተላለፈ እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው አስቀድሞ ይወቅልን።

ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ በአጭሩ እንግለጠው። ርዝመቱ 13.40 ሜትር፥ ወርዱ 6.10 ሜትር የሆነ ሜዳ በመካከሉ በመረብ ይከፈላል። ይህ ቍጥር ለሰሚው እንግዳ የሚመስለው መጀመሪያ በእንግሊዝ ልክ 44 ጫማ በ20 ጫማ ተብሎ ስለ ተወሰነ ነው፤ በእኛ ክንድ ቢለካ ርዝመቱ 27 ክንድ ያህል፥ ወርዱ 12 ክንድ ያህል ይሆናል። የመረቡ ከፍታ በሁለቱ ምሰሶዎች ዘንድ 1.55 ሜትር ሲሆን በመካከሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ 1.524 ሜትር ነው። ከመረቡ ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሁለት ሰው ይቆማል። በእጃቸውም ራኬት የሚባለውን፥ ቀጭን እጀታና በክር የተጠላለፈ ፊት ያለውን ቀላል መምቻ ይዘው ላባ የተተከለበትን ኳስ መሬት ሳይነካ ይመላለሱበታል። ኳሱ በማን ሜዳ ላይ ቢወድቅ ነጥቡ የባላጋራው ነው። ከ2006 ወዲህ አንዱ ዙር በ21 ነጥብ ያልቃል፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ አሸናፊ ይባላል።

የዚህ ጨዋታ ምስጢር ግን ከሜዳውም ከመምቻውም ይልቅ በኳሱ ላይ ነው። ኳስ ብንለውም ድቡልቡል አይደለም። በግማሽ ክብ የተቀረጸ ቡሽ በቀጭን ቆዳ ይሸፈንና በዙሪያው 16 የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ ይተከልበታል፤ ላባዎቹም በክር ተያይዘው እንደ አበባ ወደ ላይ ሰፋ ብለው ይከፈታሉ። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ላባ እያልን እንጠራዋለን። ክብደቱ በሞላው ከ4.74 ግራም እስከ 5.50 ግራም ብቻ ነው። ቡሹ ከባድ፥ ላባው ቀላል ስለ ሆነ በየትኛውም ወገን ቢመታ በአየር ላይ ይገለበጥና ቡሹን ወደ ፊት አድርጎ ይሄዳል። የተከፈቱትም ላባዎች አየሩን ስለሚይዙት፤ ከመምቻው ሲነሣ ዓይን የማያየው የነበረው ነገር ጥቂት እንደ ሄደ ኃይሉ ይደክምና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ የሚባለው ሕንዳዊ በ2023 በጃፓን አገር በተደረገ ሙከራ የመታው ላባ ከመምቻው ሲነሣ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ነበረው ተመዝግቧል። በዚህ ፍጥነት የሚነሣ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ መንደር አቋርጦ በሄደ ነበር፤ ላባው ግን ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ይህን ነገር አንባቢው ልብ ይበለው፤ ጨዋታው በጠባብ አዳራሽና በከተማ ጓሮ ሊገባ የቻለው፤ ሰፊ መስክ የሌለው ሕዝብም ሊማረው የቻለው በዚህ ምክንያት ነውና።

ላባ የተሰካበትን ነገር ወደ ላይ እየመቱ መጫወት የአንድ ሕዝብ ፈጠራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በቻይና አገር ከጥንት ጀምሮ ጂየንዚ የሚባል ጨዋታ አለ፤ እርሱም እጅ ሳይነካው ይልቁንም በእግር ላባውን በአየር ላይ ማቆየት ነው። በጃፓን አገር ደግሞ ልጃገረዶች በአዲስ ዓመት ሐኔትሱኪ የሚባለውን ይጫወታሉ። መምቻቸው ሥዕል ያለበት የእንጨት ገበታ ሲሆን፤ የሚመቱትም ላባ የተሰካበት ጥቍር የዛፍ ፍሬ ነው። የዚህ ዛፍ ፍሬ ልባሱ እንደ እኛ አገር እንዶድ አረፋ የሚያወጣና ለእጥበት የሚያገለግል ነው። ላባውን የጣለችውን ልጅ ባልንጀሮቿ ፊቷን በጥቍር ቀለም ይቀቧታል፤ ሲመሽም የብዙዎቹ ፊት ዝንጕርጕር ሆኖ ይታያል። በአውሮፓም ልጆችና ወይዛዝርት በየቤታቸው የላባ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርዳን በ1737 መምቻና ላባ ይዛ የቆመች ልጅ ሥሎ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ይታያል።

እንግዲህ በእነዚህ በጥንቶቹ ጨዋታዎች ውስጥ መረብ አለመኖሩን እናስተውል። በአውሮፓ ሁለቱ ተጫዋቾች ባላጋሮች አልነበሩም፤ ላባው እንዳይወድቅ የሚተጋገዙ ባልንጀሮች ነበሩ እንጂ። ስንት ጊዜ ተመታ ብለው ይቈጥራሉ፤ ቢወድቅም የሁለቱም ጕድለት ነው። በመካከላቸው ገመድ ወይም መረብ በተዘረጋ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ባልንጀራው ባላጋራ ሆነ፤ ላባው እንዳይወድቅ ይደክም የነበረውም ሰው በሌላው ሜዳ ላይ እንዲወድቅ ይደክም ጀመር። ባላጋራም ካለ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛም ካለ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡ በሽማግሎች አፍ ብቻ የሚኖር ጨዋታ ከተራራ ማዶ አይሻገርም። የገና ጨዋታ ከማዶ መንደር ሰዎች ጋራ ተጫውቶ የሚያውቅ ሁሉ ስለ ሜዳው ስፋትና ስለ ተጫዋቹ ቍጥር የሚነሣው ክርክር አንዳንድ ጊዜ ከጨዋታው እንደሚረዝም ያውቃል።

መረቡ ተዘርግቶ ደንብ ወደ ተጻፈበት አገር፤ ይኸውም ወደ ሕንድ እንሂድ። በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ሕንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በምዕራብ ሕንድ በምትገኘው፤ ያን ጊዜ ፑና በምትባለው፤ ዛሬ ግን ፑኔ በተባለችው ከተማ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነበረ። መኰንኖቹና ሚስቶቻቸው የላባውን ጨዋታ በመረብ ላይ ይጫወቱ ጀመር፤ በከተማይቱም ስም ፑና እያሉ ጠሩት። በ1860ዎቹ ዓመታትም ደንብ ማውጣት ጀመሩ። በደቡብ ሕንድ በታንጃቩር ደግሞ በላባ ፈንታ ከሱፍ ክር የተጠቀለለ ኳስ ይመቱ ነበር፤ ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ ላባ አይታዘዝምና። ይህ የሱፍ ኳስ ጨዋታ ራሱን ችሎ እስከ ዛሬ በሕንድ አገር ይኖራል። መዝገብ የያዙት እንግሊዞች ስለ ነበሩ በዚህ ክፍል ውስጥ የምናገኘው የመኰንኖቹን ታሪክ እንጂ በዚያው ግቢ ይኖሩ የነበሩትን ሕንዶች ታሪክ አይደለም። ጽሕፈት የያዘ ሰው የነገሩን ስም ይይዛል፤ ነገሩን ራሱን ግን ሁልጊዜ ሊይዘው እንደማይችል ወደ ፊት እናያለን።

ጨዋታው ዛሬ የሚጠራበት ስም የመጣው በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሺር ከሚገኘው ከቦፎርት መስፍን ቤት ነው፤ የቤቱ ስም ባድሚንተን ነውና። በ1873 መስፍኑ ግብዣ ባደረጉ ጊዜ ከሕንድ የተመለሱ መኰንኖች ጨዋታውን ለእንግዶቹ አሳዩ፤ ከዚያም ሰው ሁሉ የባድሚንተን ጨዋታ አለው ተብሎ በብዙ መጻሕፍት ይነገራል። ይህ ታሪክ ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዳለ ለመቀበል ያስቸግራል። ምክንያቱም ግብዣው ተደረገ ከተባለበት ቀን 13 ዓመት ቀድሞ፤ በ1860፤ አይዛክ ስፕራት የሚባል የሎንዶን የመጫወቻ ነጋዴ ባድሚንተን የሚል ስም ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ስለ ጨዋታው አሳትሞ ነበር። ስለዚህ ስሙ ከቤቱ መምጣቱ እውነት ቢሆንም፤ ቀኑ ግን ከግብዣው የቀደመ ይመስላል። መምህራን ለተማሮች ታሪክ ሲያስተምሩ የሚጣፍጠውን ወሬና የተጻፈውን ማስረጃ እንዴት እንደሚያመዛዝኑ ለማሳየት ይህ መልካም ምሳሌ ይሆናቸዋል።

ጨዋታው በእንግሊዝ አገር እንደ ተስፋፋ በየከተማው ማኅበር ቆመ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ደንብ ይከተል ነበር። በአንዱ ቦታ ሁለት ሁለት፥ በሌላው ሦስት ሦስት፥ እንዲያውም አራት አራት ሰዎች በአንድ ወገን ይሰለፉ ነበር። ሜዳውም ዛሬ እንደምናየው አራት ማዕዘን አልነበረም፤ በጫፎቹ ሰፊ፥ በመረቡ ዘንድ ጠባብ ሆኖ ወገቡ የታሰረ ሰው ይመስል ነበር። ይህም የሆነው በቀድሞው አዳራሽ በግድግዳው መካከል የነበሩት በሮች ወደ ውስጥ ስለሚከፈቱ ነው ይባላል። በመጨረሻም የማኅበሮቹ መልእክተኞች በ1893 በፖርትስመዝ ከተማ ተሰብስበው የእንግሊዝን የባድሚንተን ማኅበር አቆሙ፤ አንድ ደንብም ለሁሉ አወጡ። ጠባብ ወገብ ያለው ሜዳ በ1901 ቀረ። በ1899 መላው እንግሊዝ የሚባለው ታላቅ ውድድር በሎንዶን ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ለሁለት ብቻ ነበር፤ አንድ ለአንድ መጋጠም በ1900 ተጨመረ። ሴቶች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለብቻቸውም፥ ከወንዶች ጋራ ተጣምረውም ተወዳድረዋል። በዚያ ዘመን በብዙ ጨዋታዎች ሴቶች ተመልካቾች ብቻ እንደ ነበሩ ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ደንቡ ባሕር ተሻገረ። እንግሊዝ፥ ስኮትላንድ፥ ዌልስ፥ አየርላንድ፥ ዴንማርክ፥ ሆላንድ፥ ፈረንሳይ፥ ካናዳና ኒው ዚላንድ በ1934 የዓለሙን የባድሚንተን ማኅበር መሠረቱ። ሕንድ የገባችው ሁለት ዓመት ቈይታ በ1936 ነው፤ ጨዋታው የመጀመሪያ ስሙን ያገኘው ከእርሷ ከተማ ሆኖ ሳለ ከመሥራቾቹ መካከል አልተቈጠረችም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሰር ጆርጅ ቶማስ ነበሩ። እኒህ ሰው በመላው እንግሊዝ ውድድር 21 ጊዜ ያሸነፉ ናቸው፤ በቼዝ ጨዋታም እጅግ የታወቁ ነበሩ። በ1939 የወንዶች ቡድኖች ስለ አገራቸው የሚወዳደሩበት ዋንጫ እንዲኖር አሳስበው ዋንጫውን ሰጡ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ዋንጫው ዘጠኝ ዓመት ያህል ያለ ውድድር ተቀመጠ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1948 የመጀመሪያው የቶማስ ዋንጫ ውድድር ተከፈተ፤ አሥር አገሮች ገቡበት። ከእነርሱም አንዷ ማላያ ነበረች። ማላያ፤ ዛሬ ማሌዢያ የምትባለው ምድር፤ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በጦርነቱም ዘመን ከ1942 እስከ 1945 ድረስ በጃፓን ጦር ተይዛ ብዙ መከራ አይታለች። ጨዋታውን ወደዚያ ያመጡት እንግሊዞች ሲሆኑ፤ የተቀበሉት ግን ማላዮችና በዚያ የሚኖሩ ቻይናውያንና ሕንዶች ናቸው። ለኳስ እግር ሰፊ መስክ፥ ለቴኒስ የተስተካከለ ውድ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ለባድሚንተን ግን በጓሮ የተደለደለ ጥቂት መሬት፥ ሁለት ምሰሶና መረብ ይበቃል። ስለዚህ ማታ ማታ ነፋሱ ጸጥ ሲል ሕዝቡ በየመንደሩ ይጫወት ነበር።

በ1949 በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ የፍጻሜው ግጥሚያ ተደረገ። ለፍጻሜው የደረሱት ማላያና ዴንማርክ ናቸው፤ ደንቡን የጻፈችው እንግሊዝ አልደረሰችም። ያን ጊዜ አንድ ግጥሚያ ዘጠኝ ጨዋታ ነበረው። ማላያ ስምንቱን አሸነፈች፤ ዴንማርክ አንዱን ብቻ። በዚያው ዓመት ኡዪ ቴይክ ሆክና ቴዎ ሴንግ ኩን የተባሉ የማላያ ልጆች በመላው እንግሊዝ ውድድር ሁለት ለሁለት አሸነፉ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1950 ደግሞ ዎንግ ፔንግ ሱን አንድ ለአንድ በመጋጠም ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው አሸናፊ ሆነ። የእግሩ አረማመድ ሳይቸኵል ስለሚደርስ ያዩት ሁሉ ያደንቁት ነበር። ማላያ ነጻነቷን ያገኘችው በ1957 ነው። ነጻነቷን ከማግኘቷ በፊት በ1949፥ በ1952ና በ1955 ሦስት ጊዜ ተከታትላ ዋንጫውን ወስዳለች። እንግሊዝ ግን እስከ 2024 በተደረጉት ውድድሮች ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልወሰደችውም። የገዥ ሕግ ብዙ ጊዜ ለገዥው ወገን ያደላል፤ የሜዳው መሥመር ግን ለማንም አያደላም። የማላያ ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ የማያገኙትን እኵልነት በዚያ በ13 ሜትር ከ40 መሬት ላይ አገኙት።

የማላያን ዋንጫ በ1958 የወሰደችው ጎረቤቷ ኢንዶኔዢያ ናት። እርሷም ከሆላንድ አገዛዝ የወጣች አዲስ መንግሥት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህም ባድሚንተን የሕዝቡ ሁሉ ጨዋታ ሆነ። ሩዲ ሐርቶኖ የሚባለው ልጇ ከ1968 ጀምሮ ሰባት ዓመት ተከታትሎ፤ በ1976ም ለስምንተኛ ጊዜ የመላው እንግሊዝ ውድድር አሸናፊ ሆነ።

ይሁን እንጂ በኢንዶኔዢያ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ እርሱንም ማለፍ አይገባም። ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በዘራቸው ከቻይና የመጡ ኢንዶኔዢያውያን ነበሩ፤ እነርሱም በዚያው አገር ተወልደው ሳለ የአገሩ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ልዩ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። በዚያች አገር የተወለዱት ታንግ ሺየንሁና ሆው ጂያቻንግ በ1960 አካባቢ ወደ ቻይና ሄዱ፤ ያወቁትንም ጨዋታ ለቻይናውያን አስተማሩ። ቻይና በዚያን ጊዜ የዓለሙ ማኅበር አባል ስላልነበረች በታላላቁ ውድድር አትታይም፤ ነገር ግን ተጫዋቾቿ በ1965 ወደ ዴንማርክና ወደ ስዊድን ሄደው ከሁሉ በላይ መሆናቸውን አሳዩ። ታንግ በኋላ ዘመን ወደ ኢንዶኔዢያ ተመልሶ ብዙ ዓመት አስተማረ፤ እንደ ገናም ወደ ቻይና ሄዶ በ2008ና በ2012 በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘውን ሊን ዳንን አሠለጠነ። አንድ መምህር የሁለት አገር ጕልበት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

በ1978 የዓለሙ ማኅበር ስለ ቻይናና ስለ ታይዋን አባልነት በተነሣው ክርክር ምክንያት ለሁለት ተከፈለ፤ በ1981 ታረቀና አንድ ሆነ፤ ቻይናም ገባች። በማግሥቱ ዓመት በ1982 በሎንዶን ኢንዶኔዢያን አምስት ለአራት አሸንፋ የቶማስ ዋንጫን ወሰደች። ለሴቶችም እንዲሁ በእንግሊዛዊቱ ተጫዋች በቤቲ ዩበር ስም የተሰጠ ዋንጫ አለ፤ በ1957 የመጀመሪያውን የወሰደችው አሜሪካ ናት። ከአውሮፓ ግን በዘመናት ሁሉ ከእስያ ጋራ የተፎካከረችው ትንሺቱ ዴንማርክ ናት፤ ክረምቷ ረጅም ስለ ሆነ በየመንደሩ ከቤት ውስጥ የሚጫወቱበት አዳራሽ አላት። በ2016 ከአውሮፓ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና የቶማስን ዋንጫ ወሰደች።

ባድሚንተን በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለማሳያ ብቻ ቀረበ፤ እንደ ሌሎቹ ጨዋታዎች ወርቅ የሚሰጥበት የሆነው ግን በ1992 በባርሴሎና ነው። በዚያን ጊዜ በሴቶች ሱሲ ሱሳንቲ፥ በወንዶች አላን ቡዲኩሱማ አሸነፉ። ሁለቱም ኢንዶኔዢያውያን፥ ሁለቱም የቻይና ዘር ያላቸው ናቸው፤ ለአገራቸውም ከተፈጠረች ጀምሮ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኙ እነርሱ ናቸው። ወረቀት ይጠየቁ ከነበሩት ወገኖች የተወለደችው ሱሲ ባንዲራው ሲወጣና መዝሙሩ ሲዘመር ስታለቅስ ዓለም ሁሉ አያት። እርሷና አላን በኋላ በ1997 ተጋቡ። አፍሪካ እስከ 2024 ድረስ በዚህ ጨዋታ የኦሊምፒክ ሽልማት አላገኘችም።

የተጻፈ ደንብ መልካም ነው ስንል ግን ደንብ ብቻውን የሰውን ልብ ያቀናል ማለታችን አይደለም። በ2012 በሎንዶን ኦሊምፒክ አራት የሴቶች ጥንዶች፤ ከቻይና አንድ፥ ከኢንዶኔዢያ አንድ፥ ከደቡብ ኮርያ ሁለት፤ በሚቀጥለው ዙር የሚቀልላቸውን ባላጋራ ለማግኘት ብለው ሆነ ብለው ለመሸነፍ ተጫወቱ። ላባውን ወደ መረቡ ይመቱ ነበር፤ ተመልካቹም ጮኸባቸው። በማግሥቱ ስምንቱም ከውድድሩ ተባረሩ። የውድድሩ አወጣጥ የተሸነፈ የሚጠቀምበት መንገድ ስለ ነበረው ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ማኅበሩም ከዚያ በኋላ አወጣጡን ለውጦታል። መምህሩ በትምህርት ቤት ውድድር ሲያዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይጠቅመዋል፤ መሸነፍ የሚያተርፍበትን ውድድር አዘጋጅቶ ልጁን መቅጣት ፍርድ አይሆንም።

የዓለሙ ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2005 ከእንግሊዝ አገር ከቸልትናም አንሥቶ ወደ ማሌዢያ ወደ ኳላ ሉምፑር አዛወረ፤ ዛሬ አባሎቹ ከ190 አገሮች ይበልጣሉ። ሕንድም በ1980 ፕራካሽ ፓዱኮን የመላው እንግሊዝን ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ስሟ ተነሣ፤ በ2016 ሴቲቱ ፒ. ቪ. ሲንዱ በኦሊምፒክ የብር ሽልማት አገኘች። በ2022 በባንኮክ የሕንድ ወንዶች በአሥራ አራት ጊዜ የወሰዱትን ኢንዶኔዢያውያንን ሦስት ለባዶ አሸንፈው የቶማስን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራቸው አመጡ። በመግቢያችን ስሙን ያነሣነው ራንኪሬዲ ከእነርሱ አንዱ ነበር።

አሁን በትምህርት ቤታቸው ሊያስጀምሩት ለሚወዱ መምህራን ጥቂት ነገር እንጨምር። በደጅ ለሚጫወቱ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ማለዳ ወይም ወደ ማታ፤ ቤት ወይም ዛፍ በሚጋርደው ቦታ ይጫወቱ። የዓለሙ ማኅበር ራሱ በ2019 ነፋስን የሚቋቋም የደጅ ላባ አውጥቷል፤ በቀላል ዋጋ የሚገኘው የናይሎን ላባም ለጀማሪ ይበቃል። መረብ ባይገኝ ገመድ ዘርግቶ ጨርቅ ማንጠልጠል ይቻላል፤ መምቻም ቢጠፋ የጃፓን ልጃገረዶች እንደሚያደርጉት ከቀላል እንጨት ገበታ መጥረብ ነው። መሥመሩን በዐመድ ወይም በኖራ ያሥምሩት፤ ልኩንም አይቀንሱ።

ስለ እኛ ደጋ አገር ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ከባሕር በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ላባውን እንደ ቈላው አይዘውም፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በልኩ የሚወድቀው ላባ በደጋ ከሜዳው ያልፋል። ፋብሪካዎች ለዚህ ሲሉ ዘገምተኛና ፈጣን ላባ ለይተው ይሠራሉ፤ ለደጋ ዘገምተኛው ይመረጣል። ልኩንም ለማወቅ ደንቡ ያዘዘው ፈተና ይህ ነው፤ አንድ ሰው በሜዳው መጨረሻ መሥመር ላይ ቆሞ ላባውን ከታች ወደ ላይ፥ ከጎኑ መሥመር ጋራ ትይዩ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ይምታው። በወዲያኛው ጫፍ ካለው መሥመር ሳይደርስ ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ቢወድቅ ላባው ለዚያ ቦታ ልክ ነው፤ ቢያልፍ ፈጣን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢወድቅ ዘገምተኛ ነው።